የጠላቂው ደኅንነትና የደጋ ሐይቆቻችን

ተወልጄ ያደግሁት በውጫሌ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የጎረቤታችን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሐይቅ ወርዶ ሲዋኝ ሰጠመ። ወሬው ውጫሌ እንደ ደረሰ የሰፈሩ ጎልማሶች ሁሉ ወደዚያው ተጓዙ፤ እኔም አባቴን ተከትዬ ሄድኩ። የሐይቁ ዳር በሰው ተሞልቶ ነበር። እናትየዋ «ልጄን አውጡልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። የእናቴ ታናሽ ወንድም በዋና የታወቀ ሰው ስለ ነበር የሰዉ ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ ዐረፈ። አጎቴ በታንኳ ወደ ውስጥ ገብቶ ደጋግሞ ጠለቀ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከመጥለቁ በፊት፣ ታላላቆቹ እንዳስተማሩት፣ አየር በፍጥነትና በጥልቀት እየሳበ ያስወጣ ነበር። ሰባተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ወደ ላይ ሲመጣ ፀጉሩ ከውኃው በታች መታየት ከጀመረ በኋላ ድንገት ዝሎ ወደ ኋላ መስመጥ ጀመረ። በታንኳው ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ክንዱን ለቀም አድርገው ባይጎትቱት ኖሮ በዚያው ይቀር ነበር።

ነፍሱን ሲያውቅ ምንም እንዳላመመውና ምንም እንዳላስጨነቀው ተናገረ። በዳር የቆመው ሰው «ሐይቁ ሁለተኛ ሰው ፈለገ» አለ። የልጁ አስከሬን በአራተኛው ቀን ራሱ ተንሳፎ በደንገሉ መካከል ተገኘ።

ለዓመታት ያልገባኝ ነገር አጎቴ ራሱን የሳተው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ አየር ሊያገኝ አንድ ክንድ ሲቀረው መሆኑ ነው። መልሱ ግን መንፈስ አያስፈልገውም። ትንፋሹን የያዘን ሰው «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀው በዋነኛነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከመጥለቁ በፊት በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግሞ የሚተነፍስ ዋናተኛ ይህን ጋዝ አራግፎ ይገባል፤ በደሙ ላይ የሚጨምረው ኦክስጅን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሰውነቱ የማስጠንቀቂያ ደወል ይዘገያል። በጥልቀት ሳለ የውኃው ግፊት ሳንባውን ስለሚያምቀው የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ አንጎሉም እየሠራ ይቀጥላል። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ግፊቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ በሳንባው የቀረው ጥቂት ኦክስጅንም ንቃትን ለመጠበቅ ከሚበቃው በታች ይሆናል። ሰውየው ሳይታወቀው እንደ መብራት ይጠፋል። በደጋ ሐይቅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በባሕር ጠረፍ የምንተነፍሰው አየር የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት 21 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ በሚጠጋው በሐይቅ ዳር ግን ከ17 አይበልጥም። ይህን የምታነቡ ዋናተኞች ከመጥለቃችሁ በፊት እንዲያ ያለውን አተነፋፈስ እንድትተዉት አደራ እላለሁ።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት በራሴ ላይ ነው። የዶክትሬት ትምህርቴን በኖርዌይ በርገን ከተማ ስከታተል፣ የሐይቁ ነገር ከልቤ ስላልወጣ ይሆናል፣ የስኩባ ሥልጠና ጀመርኩ። ስኩባ ማለት ጠላቂው የሚተነፍሰውን አየር በሲሊንደር በጀርባው ተሸክሞ የሚጠልቅበት ዘዴ ነው፤ አየሩን ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ግፊት ልክ የሚመጥነውን ሬጉሌተር ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ሠሩት። በሦስተኛው ቀን አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለሁ መነጽሬ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ገባ፤ ደነገጥኩ፤ ትንፋሼን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ወደ ላይ ተወነጨፍኩ። አሠልጣኙ እግሬን ይዞ አስቀረኝና አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሆዴን በጡጫ መታኝ። በዚያን ጊዜ የቦይልን ሕግ ለሦስት ዓመታት ያህል በዩኒቨርሲቲ አስተምሬ ነበር።

ሕጉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ የአንድ ጋዝ ግፊትና ይዘት ብዜት ቋሚ ነው። ነገር ግን የፈተና ወረቀት ላይ የምናውቀው ሕግና ሳንባችን ውስጥ ያለው ሕግ አንድ መሆናቸው አይታየንም። ከሲሊንደር የሚተነፍስ ጠላቂ በጥልቀት ሳለ ሳንባውን በታመቀ አየር ይሞላል። ያንን ትንፋሽ ይዞ ቢወጣ አየሩ ይሰፋል፤ ሳንባ ደግሞ እንደ ፊኛ አይለጠጥም፤ ይቀደዳል፤ የአየር አረፋዎችም በደም ሥር ወደ አንጎል ይሄዳሉ። ለዚህ ጉዳት ብዙ ጥልቀት አያስፈልግም። ሳንባ በአየር ሞልቶ ከሆነ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም የማይበልጥ ከፍታ መውጣት ይበቃል። በዚህም ምክንያት የስኩባ የመጀመሪያው ደንብ «ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ» የሚል ነው። ለአጎቴና ለእንደ እርሱ ያሉ ዋናተኞች ሙያ ማለት ትንፋሽ መያዝ ነው። በዋና የተካነ ሰው ያለ ሥልጠና ሲሊንደር ቢሸከም የሚገድለው ይኸው ሙያው ሊሆን ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ሲሊንደሩን «የኦክስጅን ታንክ» ይለዋል። በውስጡ ያለው በአብዛኛው ተራ የታመቀ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከስድስት ሜትር ገደማ በታች በነርቭ ላይ መርዝ ሆኖ ጠላቂውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ውኃ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ይሰጥማል። በጋራዥ ወይም በሆስፒታል የሚገኝ የኦክስጅን ሲሊንደር ለጠላቂ ያገለግላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብብ።

ከሰውነት ብርታት አንጻርስ? ስኩባ በፊልም ሲታይ መንሳፈፍ ብቻ ይመስላል። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የላቀ እፍግታ አለው። በውኃ ውስጥ የመዋኛ ፍጥነትን በእጥፍ ለማሳደግ የሚጠየቀው አቅም ስምንት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የሚቸኩል ጠላቂ ከማንም ቀድሞ ይደክማል። ገና ውኃው ውስጥ ሲገባ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ከእግርና ከእጅ ወደ ደረቱ ይሰበሰባል፤ ለጤነኛ ልብ ይህ ምንም አይደለም፤ ለታመመ ልብ ግን ፈተና ነው። ዕድሜያቸው በገፋ ጠላቂዎች ዘንድ ከሚታዩት ዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ የልብ ሕመም የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው የጆሮውን ግፊት ማስተካከል ስለማይችል ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል፤ አስም ወይም ቀድሞ የሳንባ መቀደድ የደረሰበት ሰው ያለ ሐኪም ምርመራ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

የድካምን ዋጋ በቁጥር ለማየት የሚፈልግ ይህን ያስላ። በ200 ባር የታመቀ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ብሎ የሚዋኝ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ ከውኃው በላይ ለሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በባሕር 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ያው አየር ለ30 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ፈርቶ ወይም ታግሎ በደቂቃ 60 ሊትር የሚያለከልክ ከሆነ አሥር ደቂቃ ቀረው፤ ከዚያም ላይ ለመውጫ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ይቀነሳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በማንኛውም ውኃ ይሠራል። አሁን ወደ ደጋ ሐይቆቻችን ልዩ ጉዳይ ልምጣ።

ጋዝ በግፊት ሥር በፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በበዛ ቁጥር የሚሟሟውም ይበዛል፤ ይህ የሄንሪ ሕግ ነው። የአየር አራት አምስተኛ ገደማ ናይትሮጂን ስለሆነ የጠላቂው ደምና ሥጋ በጥልቀት በቆየበት ልክ ናይትሮጂን ይጠጣል። ቀስ ብሎ ከወጣ ትርፉ በሳንባው በኩል ይወጣል። ከቸኮለ ግን እንደ ተከፈተ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በመገጣጠሚያው፣ በጀርባ አጥንቱ ነርቭና በደሙ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ነገሩን አስቀድሞ በፍጡር ላይ ያየው ያው ቦይል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1670 አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ በነበረ እፉኝት ዓይን ውስጥ አረፋ ሲንቀሳቀስ ተመልክቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን ድልድይ ለመሥራት ከወንዝ ሥር በታመቀ አየር ክፍል ውስጥ የሚቆፍሩ ሠራተኞች በዚሁ ሕመም ሽባ ሆኑ፤ ሞቱም። የኒው ዮርኩን የብሩክሊን ድልድይ ያሠራው ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1872 ታምሞ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1883 እስኪጠናቀቅ ትእዛዙን ለሠራተኞቹ ታደርስ የነበረችው ባለቤቱ ኤሚሊ ነበረች። ፈረንሳዊው ፖል በርት እ.ኤ.አ. በ1878 መንሥኤው ናይትሮጂን መሆኑን አሳየ። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን በፍየሎች ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1908 የመጀመሪያውን አስተማማኝ የመውጫ ሠንጠረዥ ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ። የሃልዴን መነሻ ቀላል ነበር፤ ሰውነት ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስበት ይችለዋል፤ ከዚያ በላይ ግን በደረጃ መውጣት አለበት።

እነዚህ ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ነው፤ በውኃው ወለል ላይ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ግፊት አለ ብለው ይነሣሉ። ሐይቅ ግን ባሕር አይደለም። በሐይቅ ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 80 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ደግሞ እያንዳንዱ ሜትር 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። በባሕር ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ላይ ሲሆን በሐይቅ ግን 8 ሜትር ላይ ነው። 30 ሜትር የጠለቀ ሰው 380 ኪሎ ፓስካል ውስጥ ነው፤ ይህም በወለሉ ላይ ካለው 4.75 እጥፍ ነው። በባሕር ይህን ያህል እጥፍ ለማግኘት 37.5 ሜትር መጥለቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ የሐይቁ 30 ሜትር የባሕሩ 37.5 ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ! በመዝናኛ ጠላቂዎች ዘንድ በሰፊው በሚታወቅ አንድ ሠንጠረዥ 30 ሜትር ላይ ሳይቆራረጡ ለመውጣት የሚፈቀደው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፤ 40 ሜትር ላይ ግን 9 ደቂቃ ብቻ። ሠንጠረዡን እንዳለ ይዞ ሐይቅ የገባ ሰው ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ይቆያል፤ ሲወጣም ሁሉን በደንቡ እንደ ሠራ እርግጠኛ ሆኖ ይታመማል።

የውጫሌ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ሳስብ በሰፈራችን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ትዝ ይለኛል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር። «30 ሜትር» የሚለው ቁጥርም እንዲሁ በባሕርና በሐይቅ ሁለት ትርጉም አለው።

ሐይቅ ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ ጥናት ከፍተኛ ጥልቀቱ 88 ሜትር ያህል ሆኖ ተመዝግቧል። ጣና በአንጻሩ ሰፊ ይሁን እንጂ ከ14 ሜትር ገደማ አይጠልቅም። የወንጪ ውኃ በ2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከሐይቅ የበለጠ እርማት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሐይቅ የራሱ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል ማለቴ ነው፤ ሥራውም ከላይ እንዳየነው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊጀምረው የሚችል ስሌት ነው፤ የሠለጠነ ሰው ግን ሊያጸድቀው ይገባል። ዘመናዊ የጠላቂ ኮምፒውተሮችም አሉ፤ ከፍታውን ማወቃቸው ግን መረጋገጥ አለበት።

ደግሞም መውጣት ከውኃው ሲወጡ አያበቃም። ከሐይቅ ወጥቶ ያንኑ ዕለት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሴ የሚነዳ ጠላቂ፣ በግፊት ሲታይ፣ መውጣቱን ገና አልጨረሰም። ከአውሮፕላን ጉዞ በፊት ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። በጅቡቲ ባሕር ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ወገናችን አውሮፕላኑ ቢያርፍም ከፍታው አብሮት እንደሚቀር ይወቅ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የቧንቧ ውኃ ባልተዳረሰበት አገር ስለ ስኩባ መጻፍ ቅንጦት ነው» ይሉኛል። እኔ አልስማማም፤ ምክንያቱም ሰዎች አሁንም እየገቡ ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ጠላቂ ዋናተኞች አሏቸው፤ በክረምት ውኃ በሞላባቸው የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች፣ በወንዝና በኩሬ የሰጠሙ ሰዎችን አስከሬን ሲያወጡ በየዓመቱ በዜና እንሰማለን። ከእነዚያም ሰዎች ብዙዎቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸው። አዲስ አበባ ከሐይቅ ከፍ ስለምትል አየሯ ይበልጥ ስስ ነው። እኒህ ሠራተኞች በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ብርሃን በሌለበት በእጃቸው እየዳበሱ ይሠራሉ፤ ከመዝናኛ ጠላቂም እጅግ የከበደ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2010 ከቤይሩት የተነሣው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን 90 ሰዎችን እንደያዘ በሜዲትራኒያን በወደቀ ጊዜ የበረራ መመዝገቢያዎቹን ያወጡት በ45 ሜትር ገደማ ጥልቀት የሠሩ የሊባኖስ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ነበሩ። እዚያ ጥልቀት ላይ ያለ ደረጃዊ መውጣት የሚፈቀደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የባሕር ኃይል ያለው አገር ለዚህ ሥራ መርከብ፣ ሐኪምና ሠንጠረዥ ይዞ ይቀርባል። እኛ በአንድ የገጠር ሐይቅ ዳር የምናቀርበው ምንድን ነው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሐይቅ አጠገብ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፊዚክስ ክፍሎች በአካባቢያቸው ላለው ውኃ በከፍታ የታረመ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ የሕክምና ፋኩልቲዎች የጠላቂ ጤና ምርመራ ይስጡ፤ ማንም ሲሊንደር ከመሸከሙ በፊት ሥልጠናው በምስክር ወረቀት ይረጋገጥ። አረፋ የታመመን ሰው መልሶ በግፊት ውስጥ አስገብቶ የሚያክም ክፍል ዋጋው ውድ ነው፤ ቢሆንም ጠላቂ የሚያሰማራ ማንኛውም መሥሪያ ቤት «ቢታመም የት እናደርሰዋለን? ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ለሚሉት ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ ሳይኖረው ሰው ወደ ውኃ መላክ የለበትም።

ከሁሉ የከበደው ግን መሣሪያው አይደለም፤ በዳር የቆመው ሕዝብ ነው። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል፤ ከእጅግ ቀዝቃዛ ውኃ በቀር ሰዓታት ያለፉበት ሰው በሕይወት አይገኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማዳን ሳይሆን ማውጣት ነው፤ ማውጣት ደግሞ እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል። ይህን መናገር በእኛ አገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አስከሬን ሳይቀበር ማደሩ ለቤተሰቡ ከሞቱ የማይተናነስ ሐዘን ነው። አጎቴ ያን ዕለት ለሰባተኛ ጊዜ የጠለቀው ጉልበት ስለ ነበረው ሳይሆን እናትየዋን ቀና ብሎ ማየት ስላልቻለ እንደሆነ በቅርቡ ነግሮኛል። ስለዚህም ውሳኔው ከጠላቂው እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ መግባት አለበት ባይ ነኝ፤ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠለቅና መቼ እንደሚቆም በጽሑፍ ይዞ በዳር የሚቆም፣ «ዛሬ በቃ» ብሎ ለሟች ቤተሰብ የሚናገር፣ ቁጣ ቢመጣም የሚቀበል ኃላፊ ያስፈልጋል። እርሱም ራሱ የማይጠልቅ ሰው ቢሆን ይሻላል።